ያለ እሳት የሚረጋ እንቁላል፣ በመስኮት የሚታይ ፕሮቲን

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ረጅም ጊዜ የሚፈጅባቸው፣ ፕሬሸር ኩከር የገዛ ቤትም የከሰል ወጪው የሚቀንስለት በዚሁ የተነሳ ነው። ብዙ ሰው ታዲያ እህሉን የሚያበስለው ግፊቱ ራሱ ይመስለዋል፤ ተማሪዎቼም እንዲሁ ይላሉ። በድስቱ ውስጥ የሚጨመረው ግፊት ግን ከውጭው አየር በላይ አንድ አትሞስፌር ያህል ቢሆን ነው፤ ይህ ደግሞ ለባቄላው ፕሮቲን ከምንም የሚቆጠር አይደለም። ግፊቱ የሚሠራው ሥራ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ አግዶ ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ማድረስ ነው። የሚያበስለው ሙቀቱ ነው።

ይህን በየዓመቱ የማስረዳው ግፊት ብቻውን አያበስልም ለማለት አይደለም። ያበስላል፤ ነገር ግን መጠኑ ሌላ ነው። በውሃ ውስጥ አሥር ሜትር በወረድን ቁጥር ግፊቱ በአንድ አትሞስፌር፣ ማለትም በ0.1 ሜጋፓስካል ገደማ ይጨምራል። እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት የእኛው ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ በወለሉ ላይ ያለው ተጨማሪ ግፊት ግን አንድ ሜጋፓስካል እንኳ አይሞላም። በዓለም ላይ ጥልቅ የሆነው የፓስፊክ ውቅያኖስ ገደል፣ ማሪያና፣ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ 110 ሜጋፓስካል ገደማ ይደርሳል። ፕሮቲን በራሱ ላይ ታጥፎ ቅርጽ የያዘ የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው፤ አንድን ተራ ፕሮቲን ከዚህ ቅርጹ አስወጥቶ ለመዘርጋት ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው 300 ሜጋፓስካልና ከዚያም በላይ ነው። ይህን ግፊት ከውሃ ክብደት ብቻ ለማግኘት ሐይቃችን 30 ኪሎ ሜትር ያህል መውረድ ይኖርበት ነበር። ስለዚህ ግፊቱ የሚፈጠረው በወፍራም ብረት ውስጥ በፓምፕ ነው።

ነገሩን መጀመሪያ ያሳየው የሃርቫርዱ የፊዚክስ ሊቅ ፐርሲ ብሪጅማን ነው። ብሪጅማን በከፍተኛ ግፊት ላይ ባደረገው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1946 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል፤ እኔን የሚማርከኝ ግን ከዚያ በፊት፣ በ1914፣ ያወጣት አጭር ጽሑፍ ናት። የእንቁላል ነጩን ክፍል ወስዶ ወደ 7,000 አትሞስፌር በሚጠጋ ግፊት ሥር ሲያቆየው ረግቶ አገኘው። እሳት አልነበረም። በጽሑፉ ውስጥ እንደ ዋዛ የተጣለች አንዲት አስተያየትም አለች፦ እንቁላሉ በግፊት ሲረጋ ከሞቀው ይልቅ የቀዘቀዘው በቀላሉ ይረጋል። ይህን በክፍል ውስጥ ስናገር አንድ የደላንታ ልጅ፣ «እንግዲህ መምህር፣ አንቱ እንደሚሉት ከሆነ ቅዝቃዜ ያበስላል ማለት ነው?» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። ጥያቄው ግን ቀልድ አልነበረም። ፕሮቲን የሚረጋጋበትን የሙቀትና የግፊት ክልል በወረቀት ላይ ብንስለው ዳር ዳሩ የሞላላ ቅርጽ ይይዛል፤ በሙቀት ከክልሉ መውጣት ይቻላል፣ በቅዝቃዜም መውጣት ይቻላል፣ በግፊትም እንዲሁ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይህ ሞላላ በልኬት ተረጋገጠ። ብሪጅማን ከስድሳ ዓመት ገደማ በፊት ያያት ነገር የዚያ ሞላላ አንድ ጠርዝ ነበረች።

ግፊት ፕሮቲንን የሚዘረጋበት ምክንያት መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል። የተጫነ ነገር ይጠቀለላል እንጂ እንዴት ይዘረጋል? መልሱ ያለው በሌ ሻተሊዬ መርህ ውስጥ ነው፤ ግፊት ምንጊዜም የሚያደላው ጠቅላላ ይዘቱ፣ ማለትም የሚይዘው ቦታ፣ አነስተኛ ወደሆነው ሁኔታ ነው። እዚህ ላይ «ጠቅላላ» የምትለዋን ቃል አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል፤ የሚቆጠረው የፕሮቲኑ ይዘት ብቻ ሳይሆን ፕሮቲኑና በዙሪያው ያለው ውሃ አንድ ላይ ነው። የታጠፈ ፕሮቲን በውስጡ አቶሞቹ በደንብ ያልገጠሙባቸው፣ ውሃም የማይገባባቸው ጥቃቅን ክፍት ቦታዎች አሉት። ፕሮቲኑ ሲዘረጋ እነዚያ ቦታዎች ይጠፋሉ፣ ውሃው ይሞላቸዋል፣ የጠቅላላው ይዘትም በጥቂቱ ይቀንሳል።

ለዚህ የሚሆን ምሳሌ ስፈልግ ያገኘሁት ከደላንታ ነው። በወገል ጤና አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሚወጣው የወሎ ኦፓል ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ነው። ነጣ ያለውን ድንጋይ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሲያስቀምጡት ውሃው በውስጡ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ዘልቆ ይገባል፣ ድንጋዩም ቀስ በቀስ ብርሃን ወደሚያሳልፍ ነገር ይለወጣል፤ አውጥተው ሲያደርቁት ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ከውጭ ሲያዩት ሙሉ የሚመስለው ነገር ውስጡ ክፍት እንደነበረ የሚያውቁት ውሃው ሲገባበት ነው። ልዩነቱ ኦፓሉ ቅርጹን ሳይለቅ ውሃውን መቀበሉ፣ ፕሮቲኑ ደግሞ ውሃውን ለመቀበል ቅርጹን መልቀቁ ነው። በነገራችን ላይ የኦፓሉ የቀለም ጨዋታ ከታች ከማወራው ፍሎረሰንስ፣ ማለትም ጨረር ውጦ ሌላ ብርሃን ከመስጠት፣ ጋር ግንኙነት የለውም። እሱ በሥርዓት የተደረደሩ የሲሊካ ኳሶች ብርሃንን በመበተናቸው የሚፈጠር ነው፤ ድንጋይ የሚነግዱት ልጆች ሁለቱን እየቀላቀሉ ስለሚናገሩ ነው ይህን የማነሳው።

የይዘት ለውጡ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ስታፊሎኮከስ ከሚባለው ባክቴሪያ የሚገኘውና 149 አሚኖ አሲዶች ያሉት ኑክሊዬዝ በዚህ መስክ በብዛት የተጠና ፕሮቲን ነው። የይዘት ቅነሳው በአንድ ሞል 70 ሚሊሊትር ነው ብለን እንውሰድ። ይህ ከፕሮቲኑ ይዘት ከመቶ አንድ እጅ በታች ነው፤ በአንድ ሞለኪውል ስናሰላው አራት የውሃ ሞለኪውሎች የሚይዙትን ቦታ ያህላል። ይህችን ቁጥር በ300 ሜጋፓስካል ብናባዛት ግን በአንድ ሞል 21 ኪሎጁል ይወጣል፤ በቤት ሙቀት ይህ በታጠፈውና በተዘረጋው መካከል ያለውን ሚዛን ወደ አምስት ሺህ ጊዜ ለሚጠጋ ያህል ያዛባል። አራት የውሃ ሞለኪውል የምታህል ቦታ አንድን ፕሮቲን ለመገልበጥ ትበቃለች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዋ ካትሪን ሮየርና ባልደረቦቿ በዚሁ ኑክሊዬዝ ውስጥ አሚኖ አሲዶችን በአነስተኛ እየለወጡ ሰው ሠራሽ ክፍት ቦታዎችን ከፈጠሩ በኋላ፣ የይዘት ቅነሳውን በዋናነት የሚወስኑት እነዚያ ክፍት ቦታዎች መሆናቸውን አሳዩ። ከዚያ በፊት ለረጅም ዓመታት ክርክሩ በውሃው ባሕርይ ላይ ነበር።

ግፊትን ከሙቀት የምመርጥበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ሙቀት ሲጨምር ሁሉም ነገር አንድ ላይ ይለወጣል፤ የሞለኪውሎቹ እንቅስቃሴም፣ ይዘቱም፣ በመካከላቸው ያለው ትስስርም። የተቀቀለ እንቁላል ወደ ጥሬነት አይመለስም፤ የተዘረጉት ፕሮቲኖች እርስ በርስ ተጣብቀዋልና። ግፊት ሙቀቱ ባለበት ሆኖ የሚነካው ይዘትን ብቻ ነው፤ ቀጠን ባለ ሟሟት ውስጥ ደግሞ ብዙ ፕሮቲኖች ግፊቱ ሲነሳ እንደገና ታጥፈው ይመለሳሉ። ሳይሰብሩ መጠየቅ የሚቻልበት መንገድ ነው።

ችግሩ ግን መልሱን ማየት ነበር። ፕሮቲኑ ያለው በጣቶች ውፍረት በሚለካ ብረት ውስጥ ነው። ክዳኑን ከከፈቱት ግፊቱ ይጠፋል፣ ፕሮቲኑም ወደነበረበት ይመለሳል፣ ያዩት ነገር ከመክፈቱ በፊት የነበረው አይደለም። ብሪጅማን እንቁላሉን ማየት የቻለው የረጋው ነገር ስላልተመለሰ ብቻ ነው። የሚመለሰውን ለማየት ብረቱን ሳይከፍቱ የሚገባና የሚወጣ ነገር ያስፈልጋል፤ ያ ነገር ብርሃን ነው።

ፍሎረሰንስን ለማስረዳት ደሴ ውስጥ ብዙ መድከም አያስፈልግም። የሐሰት ብር ለመለየት ሱቆች የሚጠቀሙባትን ትንሽዬ አልትራቫዮሌት መብራትና ከግሮሰሪ የተገዛ አንድ ጠርሙስ ቶኒክ ውሃ እወስዳለሁ። በቶኒኩ ውስጥ ያለው ኩዊኒን የማይታየውን ጨረር ውጦ ሰማያዊ ብርሃን ይተፋል። ጆርጅ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1852 ስለ ፍሎረሰንስ የጻፈው ከዚሁ የኩዊኒን ሰማያዊ ተነስቶ ነው፤ የሚወጣው ብርሃን ከገባው ይልቅ ረዘም ያለ የሞገድ ርዝመት እንዳለው ያስተዋለውም እሱ ነው። ቀጥዬ በብርጭቆው ውስጥ አንድ ማንኪያ የገበታ ጨው እጨምርበትና አማስለዋለሁ። ሰማያዊው ይደበዝዛል። ጨው ጨምረን እንጂ ኩዊኒኑን አልቀነስንም፤ የክሎራይድ አዮኖች ጉልበት የያዘውን የኩዊኒን ሞለኪውል እየነኩ ብርሃን ሳይሰጥ እንዲረጋጋ ስላደረጉት ነው የደበዘዘው። የሙከራው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ሞለኪውሉ ብርሃን ከዋጠ በኋላ ብርሃን እስኪሰጥ ድረስ ባሉት ጥቂት ቢሊዮንኛ ሰከንዶች ውስጥ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ያውቃል፣ የሚሰጠው ብርሃንም ያንን ይናገራል።

በፕሮቲን ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ትሪፕቶፋን የሚባለው አሚኖ አሲድ ነው። በ295 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ጨረር ሲውጥ፣ በፕሮቲኑ ሆድ ውስጥ ከውሃ ተከልሎ ከሆነ በ330 ናኖሜትር አካባቢ ያበራል፤ ከተገለጠና በውሃ ከተከበበ ደግሞ የውሃ ሞለኪውሎቹ በዙሪያው ዞረው ስለሚያመቻቹት ጉልበቱ ይቀንስና ብርሃኑ ወደ 350 ናኖሜትር ይሸሻል። ሁለቱም ለዓይን አይታዩም፤ ለመሣሪያው ግን ልዩነታቸው ግልጽ ነው። ኑክሊዬዝ በ140ኛው ቦታ ላይ አንድ ትሪፕቶፋን ብቻ ስላለው ንግግሩ የአንድ ምስክር ንግግር ነው። ብዙ ትሪፕቶፋን ያለውን ፕሮቲን የሞከረ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቀዋል።

ፍሎረሰንስና ግፊትን ያጋቡት ሰዎች በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መገናኘታቸው እንደ ዕድል ይቆጠራል። ግሪጎሪዮ ዌበር እ.ኤ.አ. በ1916 በቦነስ አይረስ ተወልዶ በካምብሪጅ የሪቦፍላቪንን ፍሎረሰንስ በማጥናት በ1947 ዶክትሬቱን ያገኘ፣ በኋላም የፕሮቲን ፍሎረሰንስን መስክ የመሠረተ ሰው ነው። በ1962 ወደ ኢሊኖይ ሲሄድ በዚያ ሃሪ ድሪካመር የሚባል የከፍተኛ ግፊት ሊቅ ነበር። ዌበር ከአሌሃንድሮ ፓላዲኒ ጋር የሠራው የግፊት ዕቃና ኢኖሌዝ በተባለው ኢንዛይም ላይ ያደረጉት ጥናት በ1981 ወጡ፤ በ1983 ደግሞ ዌበርና ድሪካመር መስኩን በአንድ ሰፊ ጽሑፍ አጠቃለሉት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ቤተ ሙከራዎች የሚጠቀሙበት ዕቃ በመሠረቱ ያው ነው።

እኔ ይህን ዕቃ በእጄ የያዝኩት በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለሁ ነው። ከማይዝግ ብረት የተፈለፈለ፣ ለመጠኑ ክብደቱ የሚያስደነግጥ ድፍን ነገር ነው፤ በጎኖቹ ላይ ብርሃን የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው፣ ከኳርትዝ ወይም ከሳፋየር የተሠሩ ጥቅጥቅ ያሉ መስኮቶች አሉት። የፕሮቲኑ ሟሟት የሚቀመጠው የጣት ጫፍ በምታህል የኳርትዝ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ጠርሙሷ እስከ አፏ ጢም ተደርጋ ትሞላና በለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ ትዘጋለች። አንዲት የአየር አረፋ እንኳ ልትቀር አይገባም። ውሃ በ100 ሜጋፓስካል የሚቀንሰው ከመቶ አራት እጅ ገደማ ሲሆን አየር ግን ወደ ምንም ይጠጋል፤ ስለዚህ አረፋ ከቀረ ቱቦው ተጨማድዶ ውጭ ያለው ፈሳሽ ወደ ውስጥ ይገባል። ጠርሙሷን ወደ ብርሃን አንስቼ፣ ዘንበል አድርጌ፣ በጥፍሬ መታ መታ እያደረግሁ አረፋ የምፈልግበት ሰዓት ከሙከራው ሁሉ ረጅሙ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ጠርሙሷ ወደ ብረቱ ትወርዳለች፣ ዙሪያዋ በአልኮል ወይም በውሃ ይሞላል፣ መክደኛው በትልቅ መፍቻ ይጠብቃል፣ ፓምፑም በእጅ መዞር ይጀምራል።

ፓምፑ ሲዞር የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ቀላል ናቸው፤ ከ100 ሜጋፓስካል በኋላ ክንድ ይሰማዋል። ፈሳሽ ሲታመቅ ስለሚሞቅ፣ ውሃ ለምሳሌ በየ100 ሜጋፓስካሉ ሁለት ሦስት ዲግሪ ስለሚጨምር፣ ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግድ ነው። ከሙቀቱም በላይ ፕሮቲኑ ራሱ ያስጠብቃል። ግፊት የኑክሊዬዝን መታጠፍ በጣም ስለሚያዘገየው ሚዛኑ እስኪደላደል ብዙ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በስክሪኑ ላይ የብርሃኑ መጠን ቀስ እያለ ሲወርድና ሲቆም ይታያል፤ ሲቆም ብቻ ነው ሙሉው ስፔክትረም፣ ማለትም ብርሃኑ በየሞገድ ርዝመቱ ያለው መጠን፣ የሚነበበው። በዝቅተኛ ግፊት ላይ መስመሩ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ከዚያ በ100 እና በ300 ሜጋፓስካል መካከል ይወድቃል፣ ጫፉም ወደ ረጅም ሞገድ ያዘነብላል። ግፊቱን በደረጃ ስንቀንስ ያው መስመር በመጣበት መንገድ ተመልሶ ይወጣል። ይህን መመለስ ሳያሳይ የይዘት ለውጥን ቁጥር የሚያትም ጽሑፍ ሲያጋጥመኝ ማንበቤን አቆማለሁ፤ በሚዛን ላይ ላልነበረ ነገር የሚዛን ሒሳብ አይሠራምና።

ሌላም የማልታገሠው ነገር አለ። ስፔክትረሙ ወደ ረጅም ሞገድ ስለሸሸ ብቻ «ፕሮቲኑ ተዘረጋ» ብሎ መደምደም የተለመደ ነው። ትሪፕቶፋን የሚናገረው ስለ ራሱ ሰፈር ነው፤ ከእሱ ርቆ ያለው የፕሮቲኑ ክፍል ቢፈርስ ላያውቅ ይችላል፣ ጥቂት የውሃ ሞለኪውሎች በአጠገቡ ሲገቡ ደግሞ ፕሮቲኑ ሳይዘረጋ ብርሃኑ ሊሸሽ ይችላል። ግፊቱ ራሱ የውሃውን ጥግግት ስለሚጨምር በውሃ ውስጥ ብቻውን ያለ ትሪፕቶፋን እንኳ ብርሃኑ በጥቂቱ ይነካል። ከዚህ ላይ የፈሳሹ አሲድነት አለ፤ አሲድነት እንዳይለዋወጥ በየቤተ ሙከራው የሚዘወተረው የፎስፌት በፈር በግፊት ሥር አሲድነቱ በግልጽ ይጨምራል፣ ትሪስ የሚባለው ግን ብዙም አይነቃነቅም። በፎስፌት የተሠራ ሙከራ ግፊትን ይለካ አሲድን ይለካ በምን ይታወቃል? በሌላ ዘዴ፣ ለምሳሌ በኢንፍራሬድ ወይም በኤንኤምአር፣ ማመሳከር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የዌበር ብልኃት የብርሃኑን ቀለም ብቻ ሳይሆን የመወዛወዣ አቅጣጫውንም ማንበቡ ነበር። ዳንሲል የሚባል የሚያበራ ቀለም ፕሮቲኑ ላይ ይለጠፋል፤ ትልቅ ሞለኪውል በዝግታ ስለሚሽከረከር ብርሃኑ የገባበትን አቅጣጫ እንደያዘ ይወጣል፣ ትንሹ ግን በፍጥነት ስለሚዞር አቅጣጫው ይጠፋል። ኢኖሌዝ ሁለት ተመሳሳይ ክፍሎች የተጣመሩበት ኢንዛይም ነው። ግፊቱ ሲጨምር የአቅጣጫው ልኬት ወረደ፤ ጥንዶቹ ተለያይተው ነበር። ክፍሎቹን ለመለያየት የሚበቃው ግፊት ደግሞ እያንዳንዱን ክፍል ለመዘርጋት ከሚያስፈልገው ብዙውን ጊዜ ያነሰ ነው። ለዚህ ልኬት መሰናክል የሆነው መስኮቱ ነው፤ ኳርትዙ ራሱ በግፊቱ ስለሚወጠር የብርሃኑን አቅጣጫ ያዛባል። ፓላዲኒና ዌበር ይህን መዛባት የሚያርሙበትን ስሌት ካላገኙ በስተቀር ውጤታቸው ስለ ኢንዛይሙ ይሁን ስለ መስኮቱ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ይህችን እርማት አደንቃለሁ።

ሁሉም የሕይወት ሞለኪውል በግፊት አይሸነፍም። የዲኤንኤ ጥንድ ጥምዝ ፕሮቲንን በሚዘረጋ ግፊት ውስጥ ተረጋግቶ ይቆያል። የሕዋስ ሽፋን ግን ስስ ነው፤ ስቡ ከፈሳሽነት ወደ ጠጣርነት የሚሻገርበት ሙቀት በየ100 ሜጋፓስካሉ ወደ 20 ዲግሪ ከፍ ይላል፣ ሎርዳን የተባለው ቀለምም ሽፋኑ ሲጠጥር ብርሃኑን ከ490 ወደ 440 ናኖሜትር በመመለስ ይህን ያሳያል። ብራዚላዊው ጄርሰን ሲልቫ እ.ኤ.አ. በ1988 ከዌበር ጋር የአንድ ዕፅ ቫይረስ ቅርፊት በግፊት እንደሚበታተን አሳየ፤ ከዚያ ወዲህ በግፊት የተዳከመ ቫይረስን ለክትባት የማዋል ሐሳብ ሲጠና ቆይቷል። ምግብ ላይ ደግሞ ነገሩ ገበያ ገብቷል፤ ጃፓን በ1990 በግፊት የታከመ ማርማላታ መሸጥ ከጀመረች ወዲህ ከ400 እስከ 600 ሜጋፓስካል የሚጫኑ የጭማቂና የአቮካዶ ፋብሪካዎች በብዙ አገር አሉ። ግፊቱ ጀርሙን ሲገድል ቫይታሚኑንና ቀለሙን ብዙም አይነካም።

ምግብ ካነሳሁ ዘንድ አሁን ሐሳቤን የያዘውን ላንሳ። የከብት ወተት በግፊት ሥር ሲቀመጥ ከአጓት ፕሮቲኖቹ መካከል ቀድሞ የሚሸነፈው ቤታ ላክቶግሎቡሊን ነው፤ በሆዱ ውስጥ ስብ ወዳድ ሞለኪውሎችን የሚይዝበት ጎድጓዳ ቦታ አለው፣ ያልተጣመረ የሰልፈር ጫፍም ስላለው ከተዘረጋ በኋላ ከጎረቤቱ ጋር ተያይዞ ይቀራል። አልፋ ላክታልቡሚን ግን በአራት የሰልፈር ድልድዮች የታሰረ ስለሆነ ከ400 ሜጋፓስካል በላይ ካልሆነ በቀላሉ አይበገርም። የግመል ወተት ቤታ ላክቶግሎቡሊን የለውም። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ከአፋር የሚመጣውን የግመል ወተት ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ በግፊት ቀድሞ የሚፈርሰው ፕሮቲን በሌለበት ወተት ውስጥ ቀድሞ የሚናገረው ትሪፕቶፋን የማን ነው?

እዚህ የግፊት ዕቃ የለንም፤ ተራ ፍሎሮሜትር፣ ማለትም የፍሎረሰንስ መለኪያ፣ ላገኘ ሰው ግን ከጥያቄው ግማሽ ያህሉ ሊሠራ ይችላል። ወተት እንዳለ በመሣሪያው ውስጥ ቢገባ ብርሃኑን ስለሚበትነው ምንም አይነበብም፤ ስቡን ገፍፎ፣ ኬዚን የተባለውን የወተት ፕሮቲን በአሲድ አርግቶ፣ የቀረውን አጓት በሚገባ ማቅጠን ያስፈልጋል። የአጓቱ ስፔክትረም በተራ ግፊት ይነበባል፣ ከዚያ በዩሪያ እየተዘረጋ፣ ከዚያ በሙቀት። ዩሪያው ፕሮቲኑ ምን ያህል እንደሚረጋጋ ይነግረናል፣ ሙቀቱ ለመዘርጋቱ ምን ያህል ጉልበት እንደሚፈጅ ይነግረናል። በውስጡ ምን ያህል ክፍት ቦታ እንደነበረ ግን አንዳቸውም አይነግሩንም፤ ለዚያ ብረቱና ፓምፑ ግድ ናቸው። ተማሪዎቼ የመጀመሪያውን ክፍል ጀምረውታል፤ የግመሉ አጓት ከላሙ ይልቅ ጠርቶ ለመውጣት እያስቸገራቸው ስለሆነ ለጊዜው የሚከራከሩት በአሲዱ መጠን ላይ ነው።